«ጃንጥላህን» ወይስ «ጃንጥላዎን»

በኒሺካንቶ ላሂሪ የታሪኮች ስብስብ፣ ሁለተኛው ቅጽ፣ ገጽ ሁለት መቶ አርባ አንድ ላይ አንዲት «ዎ» አለች። እሷን «ዎ» እዚያ የሰነቀራት ሰው ዛሬም በኮልካታ የመጻሕፍት ሰፈር፣ ኮሌጅ ስትሪት ላይ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ስሙ ሩድሮኒል ባግቺ ነው፤ ዶክተር ነው። አንቱ የተባለ ምሁር ነው ይላሉ። እኔ ግን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር «እሱ» ነው የምለው። አውቄ ነው። ይህን ጽሑፍ አርማለሁ የሚል ሰው ቢመጣ እጁን ይሰብስብልኝ።

«ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል መንጨርጨር ምንድን ነው አባባ?» ብሎኛል የገዛ ልጄ። ልጄ የድልድይ መሐንዲስ ነው። «ከሰራኸው ድልድይ ላይ አንዱ መጥቶ አንዲት ብሎን ቢያወልቅ ዝም ትላለህ?» አልኩት። «የሱ ሌላ ነው» አለኝ። ምኑ ነው ሌላ የሚሆነው? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ቆሜ ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ የደረደርኩ ሰው ነኝ። እያንዳንዷን ፊደል በእጄ ይዣታለሁ፤ ክብደቷን አውቃለሁ።

ፊደሏ ብቻ ብትሆን ደግሞ ምናልባት እችለው ነበር። ደሜን ያፈላው መቅድሙ ነው። ዶክተሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በቀድሞው መጽሔት ባልሠለጠኑ አራሚዎች ቸልተኝነት የገቡ ስህተቶች በዚህ እትም ጸድተዋል።» አራሚዎች! የት ነው ያያቸው? «የወረቀት ጀልባ» የተባለው የልጆች መጽሔት፣ የላሂሪ ታሪኮች በሙሉ የወጡበት፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜው አንድ አራሚ ብቻ ነበረው። እትዬ ቢናፓኒ ሳርኬል ናቸው። የመጽሐፍ ሰው የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ስማቸውን ባይጠራም ጠርቷል ማለት ነው፤ ያውም በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ የተጻፈባቸውን ራሳቸው ማንበብ በማይችሉበት ጊዜ።

እኚህ ሴት ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ።

እትዬ ቢናፓኒ አገር ለሁለት ሲከፈል ድንበር ተሻግሮ ከመጣ ቤተሰብ ናቸው። አባታቸው መንገድ ላይ በተቅማጥ ሞቱ። እናታቸው ሕፃኗን አዝለው ኮልካታ ገቡና ሻምባዛር ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ሆነው ተቀጠሩ። በዚያ ቤት የአራት ዓመት ልጅ እናትየዋን «አንቺ! ውሃ አምጪ!» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለአራት ዓመቱ ልጅ ጎንበስ ብለው «ይኸው ጌታዬ፣ ይጠጡ» ይላሉ። ቢናፓኒ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ አደጉ።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ለቅመም ነጋዴ ከአሮጌ ጋዜጣ ከረጢት ይለጥፉ ነበር። እትዬ ቢናፓኒ ንባብ የተማሩት ከዚያ ነው፤ ሙጫ ከመቀባታቸው በፊት አንዱን ዓምድ አንብበው ይጨርሳሉ። ስህተት ያለበት ቃል ካገኙ ደግሞ በጥፍራቸው ይፍቁታል። የበርበሬ መጠቅለያ እኮ ነው! ማን ያየዋል? «እኔ አይቼዋለሁ» ነበር መልሳቸው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አንድ ነገር ወሰኑ። ከዛሬ ጀምሮ ሰውን ሁሉ አንቱ ነው የምለው አሉ። ልጅ የለ፣ ሎሌ የለ፣ ሁሉም አንቱ። አደረጉትም። ሪክሾ ጎታቹን፣ ሻይ ሻጩን፣ ጠራጊዋን፣ ሁሉንም እርስዎ ነው። ማተሚያ ቤታችን ውስጥ አንዲት ሆዳም ድመት ነበረች፤ ለእርማት የሚወጣውን የሙከራ ኅትመት፣ ፕሩፉን፣ ካየች ካልተጋደምኩበት የምትል። እትዬ ቢናፓኒ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ «እባክዎን ከፕሩፉ ላይ ይነሱልኝ፣ ሥራ አለብኝ» ይሏት ነበር። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ድመቷ ግን ትነሳለች፤ እውነቴን ነው።

መጽሔቱ ወደሚታተምበት ማተሚያ ቤታችን የገቡት በሃያ ዓመታቸው ነው። ሴት አራሚ አይተን አናውቅም ነበርና ፊደል ለቃሚዎቹ ሁሉ እናሾፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ዘንድ መጡና፣ «አቶ ሐራዶን፣ ዘጠነኛው መስመር ላይ አንዷን ፊደል ገልብጠው አቁመዋታል፤ ደም ወደ ራሷ ወርዷል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያሾፈ የለም። ከቀርከሃ የተሠራች ማስመሪያ ነበረቻቸው፤ በሷ መስመር በመስመር እየሸፈኑ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። «ስህተት አሳልፌ ያገኘኝ ሰው ሳምቡሳ እጋብዘዋለሁ» ይሉ ነበር። ያችን ሳምቡሳ የበላ ሰው ለዓመታት አልተገኘም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ።

ላሂሪን ዓለም የሚያውቃቸው በፊልማቸው ነው። ባሕር ማዶ ሽልማት ሲቀበሉ ጋዜጣው ሁሉ ይጽፋል። ለእኛ ግን ላሂሪ ማለት በየወሩ፣ ጀርባው የፊልም ቃለ ተውኔት በሆነ ወረቀት ላይ የልጆች ታሪክ ጽፈው የሚልኩ ሰው ናቸው። አጭር ሰው ነበሩ፤ ሱረት ይምጋሉ፤ ጽሑፋቸው ሁልጊዜ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። የጻፉት ለልጆች ነው፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ግን ተሻምተን ነበር የምናነበው።

ታሪኩ ይህ ነው። በጡረታ ሊሰናበት የቀረበ አንድ የባቡር ጣቢያ ሹም አለ። ጣቢያው ወንዝ ዳር ነው። ዝናብ ይዘንባል። ከባቡር አንድ ጎልማሳ መንገደኛ ይወርድና ስለ አንድ መንደር ይጠይቃል፤ መንደሩን ከአርባ ዓመት በፊት ወንዙ በልቶታል። ሹሙ ያስጠልለዋል፤ የፈነዳ ሩዝ በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ አሽቶ ያቀርብለታል። ስምንት ገጽ ሙሉ ይጨዋወታሉ። «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»፣ «እግርዎ ረጥቧል» ይለዋል። መሃል ላይ ሹሙ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ይናገራል፦ ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ልጅ ሳለ ጀልባው ላይ የረሳውን ጃንጥላ ሊያመጣ ተመልሶ ወንዝ ወሰደው። ይህን ብሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋል። ከዚያ ባቡር ይመጣል። መንገደኛው ይሳፈራል። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሹሙ ዞር ቢል አግዳሚው ላይ ጃንጥላ አለ። አንስቶ፣ በዚያ በሽበቱ፣ ሐዲዱን ይዞ እየሮጠ ይጮኻል፦ «ጃንጥላህን ረሳህ!»

አለቀ። ወንድሜ የሚል የለም፤ መንፈስ የሚል የለም፤ እንባ የለም። ስምንት ገጽ «እርስዎ» ሲል ቆይቶ «ህ» አለ፤ በቃ። በእኛ በኮልካታ ሰዎች ቋንቋ «አንተ» ራሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለጓደኛ፣ ሌላው ከሥር ያለው፣ ለሎሌ፣ ለልጅና ለልብ ሰው የሚባለው። ሹሙ የተናገረው የታችኛውን ነው። ላሂሪ ታሪኩን በሙሉ የሰቀሉት በዚያች በአንዷ «ህ» ላይ ነው።

ለዱርጋ በዓል የሚወጣው ትልቁ እትም ነበር። የክረምት ወር፣ ወረቀቱ ሁሉ በእርጥበት ልሟል። ታሪኩን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ፕሩፉን አወጣሁ፤ እትዬ ቢናፓኒ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀዩን ብዕራቸውን አነሱና «ህ»ዋን ሰርዘው «ዎ» አደረጓት። አዎ። እሳቸው ራሳቸው። ፕሩፉ ለላሂሪ ተላከ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ከቀዩ እርማት ሥር በአረንጓዴ ቀለም የነጥብ መስመር ተደርድሯል፤ በእኛ ሥራ «እርማቱ ይቅር፣ እንደነበረው ይቆይ» ማለት ነው። ከጎኑም፦ «ወይዘሪት ቢናፓኒ፣ ባለበት ይተዉት። እባክዎን አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት። ኒ. ላ.»

እትዬ ቢናፓኒ ቆመው፣ ከፊደል ሳጥኔ አጠገብ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ማሽኑ ይጮኽ ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማቸው የለም። «ጃንጥላህን» ላይ ሲደርሱ ማስመሪያቸውን አስቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አቶ ሐራዶን፣ እኔ እኮ ይህ ቃል ሰው መርገጫ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «እናቴን ሲጠሯት እንጂ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። ለካ እንዲህም ይባላል።»

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለች ትኩስ ሳምቡሳ አገኘሁ። እሳቸውም አላነሱት፣ እኔም አላነሳሁት። ያንን ፕሩፍ ግን አጣጥፈው ቤታቸው ወሰዱት። የዕድሜ ልክ ሥራቸው ላይ ያለች አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት፤ ከእኔና ከላሂሪ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በመሃላችን አንድ ቀልድ ገባ። ፎቅ ላይ ያለው መኖሪያ ክፍላቸው ሄጄ ስመለስ አውቄ ጃንጥላዬን እረሳለሁ። ደረጃው መሃል ስደርስ ከላይ ድምፃቸው ይመጣል፦ «አቶ ሐራዶን፣ ጃንጥላዎን ረስተዋል!» ሳቃቸውን አፍነው። ተመልሼ እወስዳለሁ። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፣ ላሂሪ ሞቱ፣ እኔም ሚስቴን ቀበርኩ፤ ቀልዱ ግን አልቆመም። አንድም ቀን «ህ» ብለውኝ አያውቁም። እኔም ጠብቄ አላውቅም። ማለቴ፣ አልጠበቅሁም ብዬ ነው የምናገረው።

አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ አነብላቸዋለሁ። የላሂሪ ስብስብ በአዲስ ጠጣር ልባስ ሲወጣ ልጄን አስገዝቼ ይዤላቸው ሄድኩ። እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። «የጃንጥላውን ያንብቡልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ደረስኩና አፌ የተጻፈውን ተናገረ፦ «ጃንጥላዎን ረስተዋል።»

«አቶ ሐራዶን፣ ተሳሳቱ» አሉ ፈገግ ብለው። «ቀልዳችንን ከታሪኩ ደባለቁት።»

«እትዬ፣ አልተሳሳትኩም። እንዲህ ነው የተጻፈው።»

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። «መቅድሙን ያንብቡልኝ» አሉ። ባላነበው በወደድኩ። መደበቅ ግን አይቻልም፤ ገጽ ብዘል ከድምፄ ያውቃሉ። «ባልሠለጠኑ አራሚዎች ቸልተኝነት» የሚለው ላይ ስደርስ፣ «እንደገና» አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

«ሁለተኛው ኅትመት መቼ ነው?» አሉ። ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ከዚያም ለየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። «እንግዲያው ልጆች ሁሉ ያለ ወንድሙ ሊያነቡት ነው» አሉ። «መቅድሙ ላይ እኔን የሰደቡበት ነገር ኋላ ይደረስበታል። «ህ»ዋን ግን ሳላስመልስ አልሞትም።» ከፍራሻቸው ሥር ያንን የታጠፈ ፕሩፍ አወጡ። ገባኝ። ላሂሪ ሞተዋል፤ የእጅ ጽሑፉ የለም። ማስረጃው ይሄ ብቻ ነው። ይህን ለማሳየት ደግሞ የራሳቸውን ስህተት ማሳየት አለባቸው።

ወደ አሳታሚው ቢሮ ሄድን። ደረጃው ሦስት ፎቅ ነው፤ ክንዴን ይዘው በየመዞሪያው እያረፉ ወጡ። ዶክተሩ ማራገቢያ ሥር ተቀምጧል። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው።

«እ፣ አንቺ ነሽ የድሮዋ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ?» አለ፤ ሳይነሳ።

አንቺ! እናቱ ልትሆን የምትችል ሴት! እኔ አፌን ከፈትኩ፤ እትዬ ቢናፓኒ ክንዴን ጨበጡኝ።

«አዎ ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ሥራዎን ስላስፈታሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገጽ ሁለት መቶ አርባ አንድ ላይ አንድ ቃል ተለውጧል።»

«ተስተካክሏል በዪው። ባለታሪኩ ስምንት ገጽ ሙሉ አንቱ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ አንተ ሊል አይችልም። ወጥነት የሚባል ነገር አለ። ታላቅ ጸሐፊ እንዲህ ዓይነት ስህተት አይሠራም፤ አራሚ ነው ያሳለፈው። ባይገባሽ አልፈርድም።»

«ያነበቡት ጮክ ብለው ነው?»

«ምን?»

«ታሪኩን። ጮክ ብለው አንብበውታል?»

ሳቀ። «እኔ እኮ የጻፍኩት የዶክትሬት ጥናት ነው፣ እማማ። ተረት ለልጅ የማነብ ይመስልሻል?»

እትዬ ቢናፓኒ ፕሩፉን ዘረጉለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀዩን አየ፣ አረንጓዴውን አየ። እንዲህ ያለ ደስታ ሰው ፊት ላይ ሲፈነጥቅ አይቼ አላውቅም።

«ይህ ቀይ ጽሑፍ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ስለዚህ አንቺም እንደ እኔው አርመሽዋል! ከእኔ ጋር ተስማምተሽ ነበር ማለት ነዋ!»

«ተሳስቼ ነበር» አሉ። ያን ቃል ሲያወጡ ምን እንደከፈሉ እኔ አውቃለሁ፤ ጆሯቸው ሥር ድረስ ቀሉ። «ሃያ ምናምን ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ሆኖም ተሳሳትኩ። ጸሐፊው መለሱኝ። አረንጓዴው የእሳቸው እጅ ነው።»

«አረንጓዴ ቀለም ማንም ሊጽፍ ይችላል። መረጋገጥ አለበት፤ ኮሚቴ አለ፣ ጊዜ ይወስዳል። ለጊዜው እዚህ ተዪው፣ እናየዋለን።» እጁን ዘረጋ። እትዬ ቢናፓኒ ፕሩፉን አጥፈው ወደ ጉያቸው መለሱት። ያኔ እሱ ሰዓቱን አየና ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ለማንኛውም በመጽሐፍ አውደ ርዕዩ ላይ የምረቃ ዝግጅት አለን። ብትመጪ ጥሩ ነው። የዚያ ዘመን የመጨረሻዋ አራሚ ብለን ሻል እናለብስሻለን። ፎቶውም ያምራል።»

ሰምታችኋል? በመጽሐፍ ሲሰድባቸው ቆይቶ በሻል ሊሸፍናቸው! ለጌጥ! ደረጃውን ስንወርድ እኔ ስሳደብ፣ እሳቸው ደረጃ ይቆጥሩ ነበር። ታች ስንደርስ፣ «እንሄዳለን» አሉኝ።

«የት?»

«ሻሉን ልቀበል ነዋ።»

«አብደዋል እንዴ እትዬ?»

«አቶ ሐራዶን፣ ድምፅ ማጉያ ይኖራል አይደል?»

የአውደ ርዕዩ ቀን አቧራው አይጣል ነው። እንደ ሁልጊዜው የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት ሰልፍ ከመጽሐፉ ሰልፍ ይረዝማል። ድንኳኑ ግን ሞልቷል፤ ላሂሪ ናቸዋ፤ አባትም እናትም ልጁን ይዞ መጥቷል። እኛን ፊት ለፊት አስቀመጡን። ከጎናችን ሁለት ጉንጉን የተሠራች የስምንት ዓመት ያህል ልጅ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች።

ዶክተሩ ወጣና ማን ያንብብ ሳይል የጃንጥላውን ታሪክ ራሱ ማንበብ ጀመረ። ያነበበው አሳምሮ ነው፤ ልዋሽ አልችልም። ባቡሩ መጣ፣ መንገደኛው ተሳፈረ፣ ሽማግሌው ሮጠ። «ጃንጥላዎን ረስተዋል!» ብሎ መጽሐፉን ዘጋ።

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«እና ምን ሆነ?»

«ምንም። ጃንጥላውን ረሳ።» እናትየዋም አፈረች መሰለኝ፤ ታሪኩ ሳይገባት የቀረ መስሏት። አየሁ፣ የእትዬ ቢናፓኒ እጅ ማስመሪያ እንደያዘ ሆኖ ጉልበታቸው ላይ ከመስመር ወደ መስመር ይወርድ ነበር። ጭብጨባው የይስሙላ ነበር።

ከዚያ ስማቸው ተጠራ። «አንጋፋዋ አራሚያችን! ነይ እስቲ ወደዚህ!» ደግፌ አወጣኋቸው። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ማንበቢያው ላይ አስቀመጠ፤ ያለ መነጽር ፎቶ ያምርበታል መሰለኝ። ሻሉን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ። ፎቶ ተነሱ። «አመሰግናለሁ በዪና ውረጂ» አላቸው በሹክሹክታ፤ ድምፅ ማጉያው ግን አሰማን። ራሱ ወደ ወንበሩ መመለስ ጀመረ።

እትዬ ቢናፓኒ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አላመሰገኑም። ጀርባውን ያዩና፣ በዚያ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ማንንም ባልደፈረ አፋቸው እንዲህ አሉ፦

«መነጽርህን ረሳህ።»

ሕዝቡ ክው አለ። ከኋላ አንዱ «እህ!» ሲል ሰማሁ። ዶክተሩ ባለበት ቆመ። ዞረ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ምን አልሽ?»

«መነጽርህን ረሳህ።»

«ማንን ነው አንተ የምትዪው? በሰው ፊት! እኔ ጓደኛሽ ነኝ? ሎሌሽ ነኝ? ምን ነክቶሽ ነው?»

«እሰይ፣ ሰምተውታል» አሉ እትዬ ቢናፓኒ፤ ወዲያው ወደ አንቱታቸው ተመልሰው። «ይቅርታዎን፣ ዶክተር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ብዬው የማላውቀውን ቃል ነው ያልኩዎ። ግን አንዲት ፊደል እኮ ናት! የአራሚ ስህተት ነው ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። እርስዎን በአንዲት ፊደል ወደ ወንበርዎ ሲሄዱ ካስመለስኩዎ፣ ያ ሽማግሌ በዚያችው ፊደል ከአርባ ዓመት በፊት የሞተበትን ወንድሙን ሲጠራ እንዴት አልሰሙትም?»

ፕሩፉን ከጉያቸው አውጥተው ወደ ላይ ያዙት።

«ይህ ቀይ እርማት የእኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስህተት አላሳለፍኩም ስል የኖርኩት ውሸቴን ነው። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፤ እርስዎ የተሳሳቱትን ስህተት፣ ቁርጥ እሱኑ። ጸሐፊው መለሱኝ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው አሉኝ። አይደለም፤ ‹ያንብቡት› ነው ያሉኝ። እኔ ታርሜያለሁ። እርስዎስ?»

መልስ አልጠበቁም። ወደ ልጆቹ ዞሩና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የመጨረሻውን አንቀጽ በቃላቸው አሉት። ዝናቡን፣ አግዳሚውን፣ የሽማግሌውን ሩጫ። «ጃንጥላህን ረሳህ!» አሉ።

ከጎኔ ያለችው ልጅ ወንበሯ ላይ ብድግ አለች። «እማዬ! ወንድሙ ነው! ወንድሙ ነው እኮ!»

እናትየዋ ፊቷን በእጇ ይዛ ነበር። የአሳታሚው ቤት ባለቤት ወደ መድረኩ ሮጦ መጣና ፕሩፉን በስልኩ ደጋግሞ ፎቶ አነሳው። ለዶክተሩ መነጽሩን ማን እንዳቀበለው አላየሁም።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ሁለተኛው ኅትመት ወጣ። «ህ»ዋ ተመልሳለች። ከሥሯ ግን በደቃቅ ፊደል የግርጌ ማስታወሻ አለ፦ «ይህ ቃል በዶክተር ሩድሮኒል ባግቺ ጥናት ከመጀመሪያው ፕሩፍ ጋር ተመሳክሮ የተስተካከለ ነው።» በዶክተር ሩድሮኒል ጥናት! መቅድሙስ? መቅድሙ እንዳለ አለ። ያልሠለጠኑት አራሚዎች ከነቸልተኝነታቸው እዚያው ተቀምጠዋል። የየትምህርት ቤቱ ልጅ ይህን ያነባል። የእትዬ ቢናፓኒ ስም የትም የለም።

ዓርብ ቀን ይህን ይዤ ሄድኩና ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ አልኩ፤ እከሳለሁ አልኩ፤ ሄጄ እጥለዋለሁ አልኩ፤ በዚህ ጉልበቴ ማንን እንደምጥል እንጃ። እሳቸው ትራስ ተደግፈው ያዳምጡኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደክመው ከአልጋ አይነሱም።

«ጨረሱ?» አሉኝ።

«አልጨረስኩም!»

«‹ህ›ዋ አለች?»

«አለች።»

«ጣቴን ይዘው ያሳዩኝ።» ጣታቸውን ይዤ ገጹ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ለስላሳ ወረቀት ነው፤ የዛሬ ኅትመት እንደ እኛ እርሳስ ወረቀቱን አይሰረጉድም፤ ጣት ምንም አያገኝም። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ይተዉት» አሉ።

እኔ ነኝ የምተወው? በንዴት ጦፌ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ቀልድ ትዝ አላለኝም፤ ያን ቀን በእውነቴ ነው የረሳሁት። ደረጃው መሃል ስደርስ ከላይ ያ የደከመ ድምፅ መጣ፦

«ሐራዶን! ጃንጥላህን ረሳህ!»

አቶ የለም። ዎ የለም። በሰባ ስድስት ዓመቴ የደረጃውን እጀታ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ወጥቼ ጃንጥላዬን ወሰድኩ። እስቲ ይህንንም መጥቶ ያርመው!